ተማሪዎችን ይዞ መውጣት፦ ከሰፈር ወንዝ እስከ መልካ ቁንጡሬ

አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጉብኝት የወሰድኩ ጊዜ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ልጆች ነበሩ። ከዘጠና ይበልጣሉ። እኛ መምህራን አራት ብቻ። መንገዱን ሙሉ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ። ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሳን፣ ምሳ በላን፣ ተመለስን። አንዲት ልጅ ሻይ የጠጣንበት ቦታ መቅረቷን ያወቅነው ሃያ ደቂቃ ከተጓዝን በኋላ ነው። ዞረን ሄድን። መንገድ ዳር ቡና ከምታፈላ ሴት አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘናት። ያን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ «ምን አያችሁ?» አልኳቸው። «ሐይቅ» አሉኝ። ከዚያ በላይ የሚጨምር ጠፋ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ምን እንዲያዩ እንደምፈልግ እኔ ራሴ ሳላውቅ ነው ይዣቸው የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ቀየርኩ። አሁን ዓመቱን ሙሉ የምንሠራው ሥራ አለ። መጀመሪያ በእግር ቅርብ ቦታ እንወጣለን። ቀጥሎ ከሰፈሩ ሰው ጋር እንሠራለን። ሩቅ ጉዞ የምንሄደው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ። ይህን አካሄድ መሞከር ለሚፈልግ መምህር፣ ወላጅ ወይም የክበብ ተጠሪ የማውቀውን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከቦታው በፊት ጥያቄው

ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀመረው «ዘንድሮ የት እንሂድ?» በሚል ነው። ይህን ለጊዜው ተዉት። መስከረም ላይ መማሪያ መጽሐፉን ይዛችሁ ተቀመጡና ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊመለስ የማይችል አንድ ጥያቄ ፈልጉ። አንድ ብቻ።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በትምህርት ቤታችን አጠገብ የሚያልፈው ውሃ ከየት መጥቶ የት ይገባል?» ቀበናን ውሰዱ። ከእንጦጦ ይነሳል፣ ከተማውን ሰንጥቆ ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ይገናኛል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ ስምጥ ሸለቆን ተከትሎ አፋር ይወርድና አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር አይደርስም። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡበት አንድ ነገር አለ። ጠዋት ከድልድይ ላይ የተጣለ ፌስታል አፋር ድረስ መንገድ አለው።

ጥያቄው ጥሩ መሆኑን የማውቀው በሦስት ነገር ነው። መልሱ በመጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ ተጠቃሎ አይገኝም። የሰፈሩ ሰው ከመልሱ የተወሰነውን ያውቃል። ከአንድ በላይ የትምህርት ዓይነት ይነካል። የወንዙ ጥያቄ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የታሪክና የዜግነት መምህራንን ጭምር ይጠራል። እነሱን ከመጀመሪያው አስገቧቸው። ብቻውን የሚለፋ መምህር ሁለተኛ ዓመት ላይ ይደክመዋል።

ሌላ ከተማ ያላችሁ የራሳችሁን አታጡም። ባሕር ዳር ጣናና እምቦጭ አለ። ሐዋሳ ሐይቁና ዓሣ ገበያው አለ። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈው የደቻቱ ወንዝ አለ። ያን ሌሊት የሚያስታውሱ እናትና አባቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ።

የመጀመሪያው መውጫ በእግር ነው

ከትምህርት ቤቱ በር 500 ሜትር ይበቃል። ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ካገኛችሁ አውቶቡስም ገንዘብም አያስፈልግም። ቀኑን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ ምረጡ። ክረምት ላይ ወንዝ ዳር ተማሪ አታውርዱ። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ፀሐይ ቢሆንም እንጦጦ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል።

ከሁለት ቀን በፊት መንገዱን ብቻችሁን ሂዱበት። የት ተንሸራታች አለ? የት ውሻ አለ? ሠላሳ ልጅ መንገድ ሳይዘጋ የት ሊቆም ይችላል? አምስት ማቆሚያ ምረጡና በቃ።

ከመውጣታችሁ በፊት ልጆቹን ስፖርት ሜዳ ውሰዷቸው። 100 ሜትር ለኩና እያንዳንዱ ተማሪ በተለመደ አካሄዱ ስንት እርምጃ እንደሆነበት ይቁጠር። 140 እርምጃ የሆነበት ልጅ አንድ እርምጃው 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሜትር አያስፈልገውም፤ እግሩ ይለካለታል። በየማቆሚያው መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ እየቆጠረ ካርታውን በእጁ ይሥላል። የስልክ ካርታ አላስከፍትም። ስልኩን ካየ መንገዱን አያይም።

በየማቆሚያው የሚጽፉት ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሸተታቸው፣ ማን እዚያ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ወደ ውሃው እንደሚገባ ነው። ቱቦ ካለ ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ውሃውን ማንም አይነካም። የአዲስ አበባ ወንዞች የመጸዳጃ ፍሳሽም የፋብሪካ ፍሳሽም ይገባባቸዋል። ናሙና መውሰድ ካስፈለገ መምህሩ ብቻ፣ ጓንት አድርጎ፣ በመስታወት ጠርሙስ ይቅዳ። ክፍል ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ጎን አስቀምጡት። በማግስቱ ከታች የዘቀጠውን ደለል በማስመሪያ ለኩ። ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ብቻ የአንድ ሳምንት ወሬ ይሆናል።

አንድ አደራ አለኝ። ወንዝ ዳር ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ሰዎች ታገኛላችሁ። ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው «እኛ ይህን ነው የምንበላው?» ሊሉ ይችላሉ። አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ያ ሰው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ መሬት ነው። ውሃውን የበከለው እሱ አይደለም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ «በርቱ» ብሎ ማለፍ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

ሰው ጋ እንዴት ይኬዳል

ይህኛውን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ሰፈሩን የሚያውቀው ዕድሩ ነው። መዝገቡ አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ማን ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር ያውቃሉ። ግን ልጆችን ወረቀት አስይዛችሁ በየቤቱ አትልኩ። መጀመሪያ እናንተ ብቻችሁን ወደ ዕድሩ ዳኛ ሂዱ። የወሩ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠይቁና አምስት ደቂቃ ለምኑ። ለቅሶ ያለበት ሳምንት ከሆነ ለሌላ ጊዜ አስተላልፉት።

በዚያች አምስት ደቂቃ ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ፣ ምን ይዛችሁ እንደምትመለሱ። ሦስተኛውን አትርሱ። ሰው ስንት ጊዜ ተጠይቆ፣ ስንት ፎርም ተሞልቶበት፣ ጠያቂው ሳይመለስ ቀርቷል። «የምንሠራውን ካርታ አንድ ቅጂ ለዕድሩ እናመጣለን» ስትሉ ፊታቸው ይለወጣል። ካላችሁ ደግሞ አምጡ።

«ለማን ልትሰጡት ነው?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ይሰጋል። ልነሳ ነው ወይ ብሎ ያስባል። ስለዚህ ስለ ይዞታ፣ ስለ ቤት ቁጥር፣ ስለ ኪራይ በፍጹም አትጠይቁ። ካርታው ላይም የማንም ቤት በስም አይገባም። ይህን በስብሰባው ላይ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ከዚያ ክፍል ውስጥ ልምምድ ይሁን። አንዱ ተማሪ ሽማግሌ ይሁን፣ ሁለቱ ይጠይቁት። «ወንዙ ለምን ተበከለ?» የሚል ጥያቄ መልስ አያመጣም። ሰውየው «መንግሥትን ጠይቁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። «ልጅ ሆነው ውሃ የሚቀዱት ከየት ነበር?» በሉ። «ልብስ የሚታጠበው የት ጋ ነበር?» «ክረምት ሲሞላ እንዴት ይሻገሩ ነበር?» «ድልድዩ ሳይሠራ በፊት እዚህ ምን ነበር?» እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ያስታውሳል። ካስታወሰ ደግሞ አይቆምም።

ልጆቹ አጠራር እንዲያውቁ አድርጉ። አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ እንደ ዕድሜው ነው። «እርስዎ» ከአፋቸው እንዳይጠፋ። አንድ እናት ከአማርኛ ይልቅ በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ መጫወት የሚቀላቸው ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ ያናግራቸው። እቤቱ የሚናገረውን ቋንቋ ክፍል ውስጥ የሚያፍርበት ልጅ ነበረኝ። ያን ቀን የቡድኑ መሪ እሱ ሆነ።

ሁለት ጠያቂ፣ አንድ ጸሐፊ ይበቃል። አምስት ሆኖ መግባት ምርመራ ይመስላል። ድምፅ የሚቀዳው ሲፈቀድ ብቻ ነው። ፈቃዱም ቅጂው መጀመሪያ ላይ ይሰማ። ሰው ዝም ሲል ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትደርድሩ። ጠብቁ። ምርጡ ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። ቡና ከቀረበ ደግሞ ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። አቦል ላይ ብድግ ብሎ መሄድ አያምርም።

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ሰው ካገኛችሁ ስለ 1967 ዓ.ም. ጠይቁልኝ። በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ 11ኛና 12ኛ ክፍል የነበሩትም ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። ቁጥራቸው 60,000 ገደማ ነው። ከዚያም በፊት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው ያገለግሉ ነበር። ዘመቻው ክፉም ደግም ነበረው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ይንገሯችሁ። በተማሪነት ዕድሜያቸው ከቤታቸው ወጥተው ምን እንዳዩ ሲተርኩ ተማሪዎቼ ስልካቸውን ረስተው ነው የሚያዳምጡት።

የምትሰጡት ነገር ከተማራችሁት ይውጣ

ማኅበረሰብ አገልግሎት ሲባል መጥረጊያ ይዞ መውጣት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ጽዳት ክፉ አይደለም። ግን ጠርጎ መመለስ ብቻውን ምን ያስተምራል? እኔ የማደርገው ካርታውንና የሽማግሌዎቹን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሰፈሩ ምን ጎደለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ ከዕድሩ ጋር እንመርጣለን።

አንድ ዓመት የወጣው ሥራ የጎርፍ ካርታ ነበር። የትኛው ቦይ በቆሻሻ እንደሚዘጋ፣ ውሃው ገንፍሎ ወደ ማን በር እንደሚገባ ነዋሪው ያውቃል፤ ተጽፎ ግን አያውቅም። ተማሪዎቹ ሰባት ቦታ ለዩ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ዕድሩና ተማሪዎቹ የተዘጉትን ቦዮች አብረው ከፈቱ። መጥረጊያም አካፋም ተያዘ። ልዩነቱ የት እንደሚቆፈርና ለምን እንደሆነ ልጆቹ ማወቃቸው ነው።

ችግኝ ከተከላችሁ ትንሽ ትከሉ። 20 ችግኝ ተንከባክቦ ማሳደግ 200 ተክሎ ፎቶ ተነስቶ ከመሄድ ይሻላል። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ የአገራችን ናቸው። ሐምሌ ላይ ይተከላሉ፤ የሚሞቱት ግን ከጥቅምት ወዲያ በበጋው ነው። ስለዚህ የውሃ ማጠጫ ተራ ከመትከሉ በፊት ይጻፍ። እያንዳንዱ ችግኝ የሚጠብቀው ቡድን ይኑረው።

ወረቀትና ገንዘብ

ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። ለወረዳው አንድ፣ ለምትጎበኙት ቦታ አንድ፣ በእጃችሁ የሚቀር አንድ። ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ደብዳቤ ፈራሚው ስብሰባ የሚወጣው እናንተ በቸኮላችሁ ቀን ነው።

ለወላጅ የሚላከው ወረቀት አጭር ይሁን፤ ግን እነዚህ አይቅሩበት፦

የት፣ በምን ቀን፣ ስንት ሰዓት ወጥተው ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ። የመሪው መምህር ስልክ። ምን ይዘው እንደሚመጡ። ልጁ አስም፣ የስኳር ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ። የወላጅ ፊርማ። የአውቶቡሱን ታርጋ ጠዋቱን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩላቸው።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ አይሠራም። ስሌቱ ግን አይለወጥም። ትራንስፖርት፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ውሃና ምግብ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ዕቃ ደምሩ። በላዩ ላይ ለድንገተኛ ነገር 10 በመቶ ጨምሩ። ድምሩን ለልጆቹ ቁጥር አካፍሉ። ከዚያ መክፈል የማይችሉ ስንት እንደሆኑ የክፍል ኃላፊውን በግል ጠይቁ። ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ወይም የቀድሞ ተማሪዎች ያን ክፍተት ይሙሉት። ገንዘብ በክፍል ፊት አትሰብስቡ። የከፈለና ያልከፈለ ስም አትለጥፉ። «አልፈልግም፣ አልሄድም» የሚል ልጅ ካለ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ፍላጎት አይደለም። ጠጋ ብላችሁ አነጋግሩት።

ሩቁ ጉዞ

እኛ የምንሄደው በቡታጅራ መንገድ ነው። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አዋሽ ዳር። እዚያ አዋሽን የምናየው አቃቂ ሳይቀላቀለው በፊት ነው። ልጆቹ የሰፈራቸውን ውሃ አይተው መጥተዋል፤ እዚህ ቆመው ሁለቱን ያነጻጽራሉ። ጥያቄያችን አብሮን ተጉዟል ማለት ነው።

ቦታው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው የኖረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሄሪት ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው መጀመሪያ ያስተዋለው። ውሃ ሲያጠና ድንጋይ አገኘ። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። በአቅራቢያው ባልጩት የሚባል ስፍራ አለ። ስሙ ራሱ ያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ የጥንት ሰው እየፈለጠ መሣሪያ የሠራበት። ሁለቱ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ሙዚየሙ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የድንጋይ መሣሪያ መርጦ ይሥላል። ፎቶ ማንሳት ከሥዕሉ በኋላ ነው። አሥር ደቂቃ አተኩሮ የሣለ ልጅ የትኛው ጎን እንደተሳለ፣ የትኛው በእጅ እንደሚያዝ ራሱ ያገኘዋል። ከመሬት ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው። ይህን አውቶቡስ ውስጥ እያላችሁ ንገሯቸው፣ ስትወርዱም ድገሙት።

ከዚያ ወደ ጢያ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። 36 ሐውልቶች አሉ፤ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ይታያል። እዚህ ሒሳብ እንሠራለን። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ። የትክል ድንጋዩንም ጥላ ለኩ። የዱላው ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የድንጋዩ 2 ሜትር ከሆነ፣ ድንጋዩ 2 ሜትር ተኩል ነው። ድንጋዩን ሳንነካ ቁመቱን አወቅን። የቀትር ጥላ አጭር ስለሆነ ልኬቱን ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አድርጉት።

የቀኑ አወጣጥ እንዲህ ነው። ጠዋት 12፡30 መሰብሰብ፣ 1፡00 መነሳት። ወደ 2፡30 መልካ ቁንጡሬ መድረስ። 5፡00 ምሳ። ከ7፡30 እስከ 9፡00 ጢያ። 9፡15 ወደ ቤት። ሳይመሽ አዲስ አበባ መግባት አለባችሁ። ጉዞው ከመድረሱ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ቦታው ላይ ያሉትን ደውላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ዜና ካልሰማችሁ ሌላ ቀን አድርጉት።

ቀን ስትመርጡ የጾሙንም የረመዳንንም ወቅት ተመልከቱ። ምሳው ለሚጾመውም ለማይጾመውም ይሁን። የሚሰግዱ ልጆች ካሉ የሚቆሙበት ቦታና ሰዓት ይያዝላቸው።

አሁን ስለ ቆጠራ። ለ15 ተማሪ ቢያንስ አንድ መምህር ይኑር፤ ከመካከላቸው ሴት መምህርት አትጥፋ። የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳው ውስጥ ሞዴስ ይኑር። መጸዳጃ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ብዙ ሴት ልጆች ይህን ፈርተው ነው ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጡት። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር አለው። አውቶቡስ በተገባ ቁጥር ከአንድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይጠራራሉ። አንድ ቁጥር ዝም ካለ ሞተር አይነሳም። መጨረሻ የሚሳፈር አንድ መምህር አለ፤ መጸዳጃውንም ሱቁንም አይቶ ነው የሚገባው። ያቺ ልጅ ከቀረች ጀምሮ ይህን አንድም ጊዜ አልዘለልኩም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ድካም ሳይወጣ ጻፉ። በሁለት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ያመጣል። ርዕሱ «ጉብኝታችን» አይደለም። «ከመሄዴ በፊት እንዲህ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን...» ብሎ ይጀምራል።

ነጥቡን ከተከታታይ ምዘናው ጋር አያይዙት፤ አለዚያ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ይንቀዋል። እኔ 20 ነጥብ እይዛለሁ፦ 5 ለካርታው፣ 5 ለቃለ መጠይቁ ማስታወሻ፣ 5 ለአንድ ገጹ ጽሑፍ፣ 5 ደግሞ ለሰፈሩ ለሠሩት ሥራ። መሄድ ያልቻለ ልጅ ከሰፈሩ ሥራ ብቻ ሙሉውን ማግኘት የሚችልበት መንገድ ይኑር። ገንዘብ ያጣ ልጅ ነጥብም ማጣት የለበትም።

የሽማግሌዎቹን ታሪክ በሚኒ ሚዲያው በዕረፍት ሰዓት እናስተላልፋለን፤ ራሳቸው ከፈቀዱ። ትምህርት ቤት እንዲመጡም እንጋብዛለን። ወንበሩ ከፊት ይዘጋጅላቸው። አንድ አባት ተማሪዎቹ የሣሉትን ካርታ ግድግዳ ላይ ሲያዩ ተነስተው ሄዱና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። «እዚች ጋ ትልቅ ሾላ ነበር። አልጻፋችሁትም» አሉ። አንዲት ተማሪ እርሳስ ይዛ ሮጠች።

ሾላው ያለበትን ቅጂ ሰኔ ላይ ለዕድሩ አስረከብን። አንዱን ቅጂ ደግሞ ከቃለ መጠይቁ ደብተር ጋር እኔ ጋ አስቀመጥኩ፤ መስከረም ላይ የሚመጡት ተማሪዎች ከዚያ ይቀጥላሉ።